የመጨረሻው ገጽ ሁልጊዜ ሰርግ ነበር

ረቡዕ ነበር። እህቴ ትርሲት ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ መጽሐፎቿን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። እኔ የቤት ሥራ እንደሚሠራ ሰው መስዬ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። እማዬ ምስር ትለቅማለች። አባዬ ገና አልገባም። ከታች የጎረቤት ልጆች ኳስ ግድግዳ ላይ ሲመቱ ይሰማል። ሌላ ምንም አልነበረም። ስለዚያ ቀን ብዙ ነገር ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላ ምንም አልነበረም።

"ናቲ፣ ማጣበቂያውን አቀብለኝ" አለችኝ።

"የት አለ?"

"ተቀምጠህበት ነው የምትጠይቀኝ?"

እውነትም ተቀምጬበት ነበር። ቱቦው ተጨፍልቆ ሱሪዬ ላይ ፈስሷል። እማዬ "ውይ! አዲሱ ሱሪ!" ብላ ጮኸች። ትርሲት እስክታነባ ሳቀች።

"ተይው እማዬ፣ ከእንግዲህ የትም አይሄድም። እዚሁ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ያገባል፣ እዚሁ ይወልዳል።"

ያ ነው የመጨረሻው ደህና ቀን።

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ዶሃ፣ ዌስት ቤይ በምሠራበት ሕንፃ፣ ማስታወቂያ ለጥፍ ተብዬ የማጣበቂያ ክዳን ከፈትኩ። ሽታው መጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሥራ ባልደረባዬ "አሞሃል እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሁን ሃያ አንድ ነው። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ ብዙም አልችልበትም። ግን አንድ ነገር አለ። እህቴ በሞተች ማግሥት መርዶ ሊነግሩ የመጡት ሰዎች በራችንን ሲያንኳኩ፣ እናቴ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፈገግ ብላ ነው የከፈተችላቸው። እንደዚያ ሆና እንድትጠብቃቸው ያደረግኳት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ለመናገር ከመጽሐፎቹ መጀመር አለብኝ።

ትርሲት አል ዱሃይል ሰፈር ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት አስተማሪ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ ጠርዛቸው የተበላ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ የተረት መጽሐፎች ሲጣሉ ትለምንና ቤት ታመጣቸዋለች። ሁሉም በሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ግን እንግሊዝኛ ነው። እሷ ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ትቆርጣለች፣ አማርኛውን በእጇ ትጽፋለች፣ እንግሊዝኛው ላይ ትለጥፋለች። ቤታችን ያን ክረምት በሙሉ ማጣበቂያ ማጣበቂያ ይሸት ነበር። ክረምት የምለው የዶሃውን ነው፤ ሰው ሹራብ የሚለብስበትን፣ ውጪ መቀመጥ የሚቻልበትን።

ዓርብ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ አቡ ሃሙር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካሉት ክፍሎች በአንዷ ሕፃናቱን ታስተምራለች። አሥራ አንድ ነበርን። ከሁሉም ትልቁ እኔ ነኝ፤ ትንሿ ቢታኒያ ናት፣ አምስት ዓመቷ። በዶሃ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር ሐበሻ ብዙ ስላልሆነ ክፍሉ ከዚያ አይበልጥም። ከእኛ ሌላ እትዬ ዘነቡ ነበረች። እትዬ ዘነቡ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ማዳሟ ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ትለቃታለች። መጥታ የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን እስኪነካ ታጥፋ ትቀመጥና ስልኳን አውጥታ ተረቱን በድምፅ ትቀዳለች። ለልጇ ልትልክላት ነው። ልጇ ደሴ ከአያቷ ጋር ናት።

"ሚስ፣ ትንሽ ጮክ በይ፤ ልጄ ትናንት 'ሰውዬው ጭራቁን ሲያየው ምን አለ? አልሰማሁም' አለችኝ" ትላለች።

ትርሲት የምታስተምርበት የራሷ መንገድ ነበራት። መጀመሪያ ጽሑፉን አታነብም። መጽሐፉን ደረቷ ላይ ከፍታ ይዛ "ምን ታያላችሁ?" ትላለች። ሁላችንም እንጮሃለን። ጭራቁን ያየ ይጮሃል፣ የጭራቁን ጫማ ያየ ይጮሃል። ከዚያ ታነባለች። የመጨረሻውን ገጽ ግን አታሳየንም። በልብስ መቆንጠጫ ትቆነጥጠዋለች። ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዳችን የራሳችንን መጨረሻ ሥለን እንመጣለን፤ በሚቀጥለው ዓርብ ሥዕሎቻችንን ግድግዳ ላይ ደርድረን መጽሐፉ ይከፈታል።

እኔ ሁልጊዜ ሰርግ ነበር የምሥለው። ምክንያት ነበረኝ። ያየኋቸው መጽሐፎች ሁሉ ሲከፈቱ መጨረሻቸው ሰርግ ነበር። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ረጅም ጢም ያላቸው፤ ንጉሡ ይነሣል፤ ልጅቷ ነጭ ለብሳ ትወጣለች።

"ናቲ፣ ዛሬም ሰርግ?" ትለኛለች ትርሲት። "ይሄ ጥግ ላይ ያለው ማነው?"

"ጭራቁ ነው።"

"ሚዜ ሆነ?"

"አዎ።"

"አይ፣ ጥሩ ሚዜ ነው። ሙሽራዋን ካልበላት።"

እትዬ ዘነቡ ከወንበሯ ልትወድቅ ትደርሳለች። "ወላሂ ይሄ ጭራቅ ቁርጥ ባባን ነው! ተመልከቱት፣ ሲቆጣ እንዲህ ነው አፉ!" ሕፃናቱ ባባን፣ የማዳሟን ባል፣ አያውቁትም፤ ግን እሷ ስትስቅ ይስቃሉ። እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ ለብዙ ጊዜ የእትዬ ዘነቡ አሠሪ ጭራቅ ነው ብዬ አምን ነበር። ዌስት ቤይ ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች የጭራቆች ቤት ናቸው ብዬም ለቢታኒያ ነግሬያታለሁ።

ከዚያ ወንዝ ስለዋጠው ጭራቅ የሚያወራው መጽሐፍ መጣ። ጭራቁ የአንድ መንደር ወንዝ ውጦ ተኝቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ ወንዙን ልትጠራው በጭራቁ አፍ ትገባለች። ሳምንቱን ሙሉ ሣልን። እኔ ሰርግ ሣልኩ፤ በወንዙ ዳር። ዓርብ መቆንጠጫው ተነሣ። ወንዙ ወጥቷል፤ የመንደሩ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ። ልጅቷ የለችም።

ቢታኒያ ተነሥታ ገጹን ገለበጠች። ሽፋኑን ከኋላ አየች።

"የት ሄደች?"

"አልወጣችም" አለች ትርሲት።

"ነገስ?"

ትርሲት ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። "ነገም አትወጣም፣ ቢቱዬ።"

ቢታኒያ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች። እናቷ ቅር ብሏት ለጋሽ ታደሰ ነገረችው። ጋሽ ታደሰ የአባዬ ጓደኛ ነው፤ የሕፃናቱን ክፍል ኃላፊነት ወስዶ የሚከታተለው እሱ ነበር። ደግ ሰው ነው። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አያጣም። ቤታችን መጣ።

"ትርሲት ልጄ፣ አማርኛውን የምትለጥፊው አንቺ አይደለሽ? አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለጥፈሽ 'ወጣች' ብትይ ምን ይጎዳል?"

"ሥዕሉንስ ጋሼ? ሥዕሉ ላይ የለችም እኮ።"

"ሕፃናት ናቸው።"

"ማንበብ አይችሉም እንጂ ማየትማ ከእኛ ይበልጣሉ። ጠየቀችኝ። ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?"

"ኧረ አንቺ ልጅ!" አለ ጋሽ ታደሰ። ለእማዬ ዞሮ "ከማን ነው የወረሰችው?" አላት። እማዬ "ከአባቷ" አለች። ሳቁ። ጉዳዩ በዚሁ ቀረ። ቢታኒያም በሚቀጥለው ዓርብ መጥታ ከፊት ተቀመጠች።

እኔ ግን አላመንኩም። መጽሐፉ አሮጌ ስለሆነ አንድ ገጽ ተቀዶ የጠፋ መሰለኝ። ሰርጉ የጠፋው ገጽ ላይ ነው አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሳለሁ በሩን ኳ ኳ አድርጋ "ቻው፣ አንተ የተጣበቅከው!" አለችኝና ሄደች። እኔ አፌ በጥርስ ሳሙና ስለተሞላ አልመለስኩላትም።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት መጥቼ በመስኮት አያለሁ። የአባዬ መኪና ከታች ቆመ። ያለ ሰዓቱ ነው። ከኋላው የጋሽ ታደሰ መኪና ቆመ። ጋሽ ታደሰ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይዞ ወረደ። አንዱ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ተጠጋግተው ቆሙ፤ የሚናገሩትን መስማት አልችልም። ጋሽ ታደሰ የአባዬን ትከሻ ያዘ። ከዚያ አቀፈው። ብዙ አቆየው። ሌላውም አቀፈው።

ከሁለት ወር በፊት ከታች ፎቅ ለምትኖረው ለሶስና ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ያኔም ልክ እንዲህ ነበር። ጋሽ ታደሰ መጣ፣ ሰዎች ይዞ መጣ፣ መኪናዎቹ ጋ ቆመው በዝግታ ተነጋገሩ፤ በማግሥቱ ዓርብ በጠዋት፣ ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት፣ በሯን አንኳኩ። ሲጨርሱ የሶስናን አባት አቅፈው ሳሙት።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። አባዬ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

"ናቲ" አለኝ። ቆመ። "ነገ በጠዋት ጋሽ ታደሰ ከሰዎች ጋር ይመጣል። ለእናትህ እንዳትነግራት። ቃል ግባልኝ።"

"እሺ" አልኩ። ፈገግ አልኩለት። ሁሉን እንዳወቅሁበት እንዲያውቅ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አፍሮ መሰለኝ።

ቤት ገብቶ ለእማዬ "ትምህርት ቤቱን ለበዓል ያስጌጣሉ፤ ትርሲት ጓደኛዋ ጋ ታድራለች" አላት። ቁም ሳጥን ከፍቶ ሙሉ ልብሱን አወጣ። "ስልኬ ተበላሽቷል፤ ያንቺን ስጪኝ" ብሎ ስልኳን ወሰደባት። ውሃ ጠጣ። እንደገና ጠጣ። "የማታ ሹግል አለብኝ፣ ሥራ በዝቷል" ብሎ ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆሞ እሷን ብቻ አያት።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰው?" አለችው።

"ምንም" አለና ወጣ።

ዛሬ ሳስበው ይገባኛል። እኛ ዘንድ መርዶ በማታ አይነገርም። ሰው ሌሊቱን ብቻውን ከሐዘን ጋር እንዳያድር ይጠበቃል፤ ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ስልኳን የወሰደባት ከማንም እንዳትሰማ ነው። ትርሲት በዚያ ሰዓት መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት ከሞተች ሦስት ሰዓት አልፏታል። ያኔ ይህን የሚያውቅ ልጅ አልነበርኩም። የማውቀው ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ነው። የመጨረሻው ገጽ ምን እንደሚመስል ነው።

እራት ላይ ምስጢሩን መያዝ አልቻልኩም።

"እማዬ፣ አባዬ እንዳትነግራት ብሎኛል።"

"እንግዲያው አትንገረኝ።"

"ነገ በጠዋት ሽማግሌ ይመጣል። ለትርስዬ።"

እጇ ላይ የነበረው ጉርሻ ሳህኑ ላይ ወደቀ። "ምን?"

የመኪናዎቹን፣ የሙሉ ልብሱን፣ የመተቃቀፉን ነገርኳት። ጋሽ ታደሰን ነገርኳት። እማዬ ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አደረገች።

"ጠርጥሬ ነበር! አይደል፣ ሰሞኑን ስልክ እያየች ለብቻዋ ትስቃለች! ለዚህ ነው ጓደኛዋ ጋ የምታድረው? አፍራ ነው! አባትህ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ውሃ የሚጠጣው!" ሳቀች። ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ማነው ልጁ?"

"አላውቅም።"

"ባለጌ፣ ዋናውን ሳታውቅ ነው የመጣኸው?"

ቤቱን ጠረገች። የሶፋውን ጨርቅ ቀየረች። ነጩን ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ መተኮስ ጀመረች፤ ያንን ቀሚስ ዶሃ ከመጣን ለብሳው አታውቅም ነበር። እየተኮሰች የሆነ የሰርግ ዜማ ታንጎራጉራለች። አባዬ የረሳውን ቁልፍ ሊወስድ ተመልሶ ገባና ቀሚሱን አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ነገ ዓርብ አይደል? ለቤተ ክርስቲያን ነዋ" አለችው፤ በጀርባው በኩል እኔን ጠቀሰችኝ። አባዬ ቁልፉን ይዞ ሄደ።

ጠዋት የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት። ሻይ ፈልቷል። ብስኩት በሰሃን ላይ እንድደረድር ነገረችኝ። ጸጉሯን ተሠርታለች። የአንገት ሐብሏን አድርጋለች። ገና አልነጋም፤ መስኮቱ ግራጫ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እጄን ጨበጥ አድርጋ "አንተ ዝም በል፣ እንዳላወቅን ነው የምንሆነው" አለችኝና ከፈተች።

ጋሽ ታደሰ ከፊት ነበር። ከጎኑ አንድ ቄስ። አባዬ ከኋላ።

"ግቡ፣ ግቡ! እንኳን ደህና መጣችሁ!"

ጋሽ ታደሰ ቀሚሷን አየ። ሊናገር የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ግድግዳውን ይዟል።

እማዬ አሁንም ፈገግ እንዳለች ከትከሻቸው በላይ አሻግራ አየች። ደረጃው ላይ ሴቶች ቆመዋል። አምስት ወይም ስድስት። ለሽምግልና ሴት አይመጣም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት።

ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ የሐዘን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ፊቷን ነው። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። እዚያው ላይ ቆየ፤ ዓይኗ ግን ሄደ።

"አስናቀች፣ ጠንከር በይ" አለ ጋሽ ታደሰ።

"የትኛዋ?" አለች። ሴት ልጇ አንድ ብቻ ናት። "የትኛዋ ናት?"

እኔ ብስኩቱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። አልችልም። ሴቶቹ ቀሚሱን ሊያወልቋት ሲሞክሩ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ቆልፋ እንደከለከለቻቸው ብቻ አስታውሳለሁ። ድምፅዋን ከሁሉም ክፍል እሰማው ነበር። አንድም ጊዜ ስሜን ጠርታ አልወቀሰችኝም፤ አንድም ጊዜ። ሰሃኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ቤቱ በሰው ሲሞላ ጋሽ ታደሰ እጄን ያዘኝ። "ና፣ ከኔ ጋር እንሂድ።" ስለ ፍትሐቱ ከካህናቱ ጋር ሊነጋገር ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ነበር። መኪና ውስጥ ከረሜላ ሰጠኝ። እኔም በላሁት። ለምን እንደበላሁት አላውቅም።

"ሕፃናቱን ለጊዜው ሀገር ቤት ሄደች እንላቸዋለን" አለ መንገዱን እያየ። "አንተም እንደዚያ በል፣ እሺ?"

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም መጥተዋል። እትዬ ዘነቡም ወንበሯ ላይ ናት፤ ከአሠሪዎቿ ቤት በቀጥታ ስለመጣች ምንም አልሰማችም። ጋሽ ታደሰ እጁን አጨብጭቦ "ልጆች፣ ሚስ ትርሲት በድንገት ሀገር ቤት ሄዳለች። ዛሬ መዝሙር ብቻ ነው፤ ያላ፣ ተነሡ" አለ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

"መቼ ትመጣለች?" አለች ቢታኒያ።

"በቅርቡ። ኢንሻአላህ።"

"እሺ" አለች ቢታኒያ። ቀሚሷን አስተካክላ፣ እግሯን ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። ልትጠብቅ ነው። ፈገግ ብላለች።

ያን ፈገግታ አየሁት። ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

"ቢታኒያ፣ አትጠብቂያት" አልኩ። "ትርሲት ትናንት መኪና ገጭቷት ሞታለች። አትመጣም።"

ሞታለች የሚለውን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ያኔ ነው። ራሴ ስናገረው ሰማሁት። እትዬ ዘነቡ "ምን አለ? ምን አለ ይሄ ልጅ?" እያለች ተነሣች፤ ወንበሩ አብሯት ተነሣ። ጋሽ ታደሰን አየችው። ጋሽ ታደሰ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። ጋሽ ታደሰ ደግፎ ወደ ውጪ ወሰዳት፤ በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

አሥር ሕፃናትና እኔ ቀረን። ማንም አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። የሚያዩት እኔን ነው። የትርሲት ወንበር ባዶ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ቢታኒያ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ ጉልበቴ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ከዚያስ?" አለችኝ።

"ከዚያ" አልኳት፤ "ትናንት ማታ እኔ ለእናቴ ያልሆነ ነገር ነገርኳት።" ሌሎቹም ወንበሮቻቸውን እየጎተቱ ተጠጉ። እኔም ከመስኮቱ ካየሁት ጀምሬ፣ ከመኪናዎቹ ጀምሬ፣ አንድም ነገር ሳላስቀር ነገርኳቸው።